የሚካኤል ስንዴ

«ሲስተሙ አልፏል ይላል እኮ፣ እህቴ! አልፏል ነው የሚለው!» ሥራ አስኪያጁ የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ ሴትዮዋ አዞረ። «አረንጓዴ ነው። አይታይዎትም?»

«አረንጓዴውስ ይታየኛል። ሲስተሙ ዘሩን በእጁ ጨብጦታል ወይ? እኔ የምጠይቀው ይኼንን ነው።»

«ኮምፒውተር እንዴት አድርጎ ይጨብጣል?»

«እንግዲያው እኔ ጨብጬዋለሁ።» ሴትዮዋ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና በሥራ አስኪያጁ ወረቀቶች መሀል አንድ እፍኝ ስንዴ አፈሰሱ። «ያሽትቱት። እርጥብ ተወቅቶ፣ ከረጢት ውስጥ ታፍኖ የጋለ ነው። ይኼ ለዱቄትም አይሆን፤ ዘር ተብሎ ለገበሬ ይሰጣል?»

«እርስዎ የላብራቶሪ ባለሙያ ነዎት?»

«አይደለሁም። መጋዘን መዝጋቢ ነኝ።»

«መኪናው ሞጣ፣ መጋዘኑ በር ላይ ቆሟል። ሾፌሩ በየግማሽ ሰዓቱ እየደወለ ጆሮዬን አደነቆረው። እርስዎ ደግሞ የመጋዘኑን ቁልፍ ይዘው በሚኒባስ ቢቸና ይመጣሉ!»

«ባልይዘው ጭነውት አልነበር?» አሉና ቁልፉን ከቦርሳቸው አውጥተው አሳዩት።

እኔ በካቢኔቱና በበሩ መሀል ቆሜያለሁ። ያንን አረንጓዴ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሴትዮዋን በዓይኔ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ድምፃቸውን ግን አንድ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ስሰማው ኖሬያለሁ። በስልክ ረጅም ይመስሉኝ ነበር፤ አጭር ናቸው። የመንገዱ አቧራ እስከ ቀሚሳቸው ጠርዝ ወጥቶባቸዋል። ከገቡ ጀምሮ ወደ እኔ አንድ ጊዜም አላዩም፤ ማን እንደሆንኩ አላወቁም ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ።

እዚያ ክፍል እንዴት እንደደረስን ልናገር።

ድርጅታችን ዘር አባዥ ነው። ከገበሬ ማኅበራት ምርጥ ዘር ይረከባል፣ ይመረምራል፣ የመዝሪያው ወቅት ሲደርስ መልሶ ለገበሬ ያከፋፍላል። አንድ ማኅበር በአንድ ቀን ያስገባው አንድ ዓይነት ዘር «ሎት» ይባላል። ሎቱ የሚከማቸው ሞጣ ነው። ናሙናው የሚመረመረው ቢቸና ነው፤ መቶ ፍሬ እርጥብ ወረቀት ላይ ይደረደርና ከስምንት ቀን በኋላ ስንቱ እንደበቀለ ይቆጠራል። የትኛው ሎት ለየትኛው ወረዳ ይሂድ የሚለው ደግሞ በዋናው መሥሪያ ቤት ይወሰናል። ሦስቱም ቦታ ኮምፒውተር አለ። ሦስቱም ፕሮግራሞች በተለያየ ጊዜ በተለያየ ሰው የተሠሩ ናቸው። ላብራቶሪው ለናሙናው የራሱን ቁጥር ይሰጣል፤ መጋዘኑ ለከረጢቱ የራሱን ቁጥር ይሰጣል፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ሁለቱንም ቁጥር ሳያውቅ በኤክሴል የራሱን ሰንጠረዥ ያዘጋጃል።

ሦስቱን የሚያገናኝ አንድ ስልክ ብቻ ነበር። ከዚህኛው ጫፍ ቢቸና እኔ፣ ከዚያኛው ሞጣ እሳቸው።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን እደውላለሁ። የላብራቶሪውን ውጤት አነባለሁ፤ እሳቸው ተቀብለው ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ።

«ጥር ሃያ አንድ የተወሰደ ናሙና፣ ጤፍ፣ አልፏል።»

«እሱ የማርያሙ ነው። በስተቀኝ፣ ከመስኮቱ ሥር ያለው። ቀጥል።»

«የካቲት ሦስት፣ ስንዴ፣ ወድቋል።»

«ወደቀ? ቆይ ቀይ እስክሪብቶ ልፈልግ… ያመጣው ዕለት ባለቤቱ ሰው ሁሉ ፊት ሲያወድሰው ነበር። ቀጥል፣ አንተ የሉማሜ ልጅ።»

ሥራው ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። የሚቀረው ወሬ ነው። ምን በላህ ይሉኛል፤ እነግራቸዋለሁ። አንድ ቀን ሳላስበው የጻፍኩትን ግጥም አነበብኩላቸው። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ኮምፒውተርም እንደዚያው። ኮሌጅ ጀምሬ አቋርጬ፣ ሁለቱንም በራሴ እየነካካሁ ነው የያዝኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ «ሦስተኛው ስንኝ ያነክሳል» አሉኝ።

«የት ላይ?»

«እኔ ምን አውቄ። ሲያነክስ ግን ይሰማኛል።»

ስልኩን ዘግቼ ሦስተኛውን ስንኝ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ያነክሳል።

ቢቸና የተከራየሁት ክፍል ከአንድ ትልቅ ግቢ ጀርባ ነው። ጎረቤቶቼ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ መምህራንና ነርሶች ናቸው፤ ዓርብ ከሰዓት ሻንጣቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ግቢው እስከ ሰኞ ጠዋት ባዶ ይሆናል። እሑድ እሑድ መናኸሪያ እሄድ ነበር። የምሄድበት ኖሮኝ አይደለም። ወደ ደጀን የሚወጣው አውቶቡስ ሲሞላ አያለሁ፣ ሲነሣ አያለሁ፣ ከዚያ እመለሳለሁ። ትኬት ቆራጩ ከለመደኝ በኋላ ትሄዳለህ ወይ ብሎ መጠየቁን ተወ። ቅዳሜና እሑድ ማንንም ሳላነጋግር የማሳልፍባቸው ሳምንታት ብዙ ነበሩ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ድምፄ ሲወጣ ይሻክረኛል። «ጉንፋን ነው?» ይሉኛል እሳቸው።

ስለ እሳቸው የማውቀው የነገሩኝን ያህል ነው። አላገቡም። እናታቸው አልጋ ላይ ከዋሉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። በምሳ ሰዓት ቤት ሮጠው ያገላብጧቸዋል፤ ካላገላበጧቸው ጀርባቸው ይቆስላል። «የእኔ ዓለም ከመጋዘኑ እስከ ቤቴ ነው» ብለውኛል። «ደግነቱ ቅርብ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። በመጀመሪያው ስብሰባ ስለ ስልኩ ሲነገረው ራሱን ያዘ። «በዚህ ዘመን? ስልክ ላይ ቁጥር ማንበብ? ሲስተሞቹ ይናበቡ እንጂ! ኢንቴግሬሽን የሚባል ነገር አለ። ማን ይችላል?»

ኮንትራቴ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። እጄን አወጣሁ።

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ሦስት ሳምንት የለም። ሦስቱን ፕሮግራሞች ከፍቼ የውስጣቸውን ሰንጠረዥ አየሁ። እያንዳንዱ የሠሪውን ጠባይ ይዟል፤ አንዱ ሁሉን ነገር ያሳጥራል፣ አንዱ ያንኑ ነገር ሁለት ጊዜ ይጽፋል። በመሀላቸው አስተርጓሚ የሚሆን ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ኔትወርክ ሲጠፋ መልእክቱን ይዞ ይጠብቃል፤ ሲመለስ ይልካል። በእኛ አገር ኔትወርክ ለሳምንታት ሊጠፋ ይችላል፤ መንገዱም ይዘጋል፤ ስለዚህ መጠበቁን በደንብ ነው ያስተማርኩት። የመጀመሪያው የላብራቶሪ ውጤት ማንም ሳይነካው በሞጣው ሰንጠረዥ ላይ ሲወጣ ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ።

አንድ ችግር ብቻ ነበር፤ ቁጥሮቹ የተለያዩ ስለሆኑ የትኛው ናሙና የየትኛው ከረጢት እንደሆነ በምን ይታወቃል? ብዙም አላሰብኩበትም። ማኅበሩ አንድ ከሆነ፣ የዘሩ ዓይነት አንድ ከሆነ፣ ቀኑ አንድ ከሆነ፣ ሎቱ አንድ ነው አልኩ። በወረቀት ላይ ሳየው የሚነቀፍ አልነበረም።

እሳቸውን አልጠየቅኋቸውም። ስለ እናታቸው ጠይቄያቸዋለሁ፤ ስለ ሞጣ ዝናብ፣ ስለ ሦስተኛው ስንኝ ጠይቄያቸዋለሁ። በየጠዋቱ «የማርያሙ ነው» የሚሉት ከምን ተነሥተው እንደሆነ ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ቁጥር የሚቀበሉ ነበር የሚመስለኝ።

ኅዳር ላይ ሲስተሙ ሥራ ጀመረ፤ የእኔም ኮንትራት እስከ ሰኔ ተራዘመ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰዓት ሲሆን እጄ ወደ ስልኩ ሄደ። የማነበው ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ሄዷል። ስልኩን ትንሽ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ከሳምንት በኋላ ደወልኩ።

«ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?» አሉኝ።

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ?»

«ሰላም ልበል ብዬ ነው።»

«ሰላም ነን፣ ይመስገነው። መኪና በር ላይ ቆሞብኛል፤ በኋላ ልደውልልህ?»

አልደወሉም። እኔም ደግሜ አልደወልኩም። ለሥራ ስንደዋወል ወሬው በራሱ ይመጣ ነበር፤ ለወሬ ብቻ መደወል ግን ሁለታችንም አልለመድነውም። ከኅዳር እስከ ግንቦት እንዲህ አለፈ። በዚያ ጊዜ ብዙ ግጥም ጻፍኩ፤ የሚያነክሰው የቱ እንደሆነ የሚነግረኝ አልነበረም።

ከዚያ በግንቦት አንድ ቀን፣ ማለዳ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በነጠላቸው ጫፍ ስንዴ ቋጥረው መጡ።

ሥራ አስኪያጁ ስንዴውን አሸተተ። ፊቱን አላኮሰተረም፤ የመልካሙን ሽታ ስለማያውቅ የመጥፎውንም ማወቅ አልቻለም። «እኔ በሽታ አልወስንም» አለ። «ይኼ ዘር ሲገባ መጥፎ መሆኑን ካዩ ለምን በጊዜው አልተናገሩም?»

«ሲገባ ጠርጥሬዋለሁ። መጠርጠርና ማወቅ ይለያያል። ውጤቱን የሚነግረኝ ሰው ግን ስልኩን ተወው።» ያኔ ነው ወደ እኔ የዞሩት። «አንተ ነህ አይደል የሉማሜው?»

«ነኝ፣ እትዬ።»

«ቀጭን ነህ። በስልክ ወፍራም ትመስል ነበር።» አልሳቁም። «በል ቁጭ በልና የሚካኤሉን ንገረኝ። የታኅሣሥ ሚካኤልን።»

ተቀምጬ የላብራቶሪውን ፕሮግራም ከፈትኩ። ታኅሣሥ ዐሥራ ሁለት የተወሰደ ናሙና፣ ስንዴ፣ ከመቶ ፍሬ ሠላሳ አንዱ በቅሏል፤ ወድቋል። ታኅሣሥ ዐሥራ ሦስት የተወሰደ ናሙና፣ ከዚያው ማኅበር፣ ያው ስንዴ፤ አልፏል። ከዚያ የሞጣውን መዝገብ ከፈትኩ። ታኅሣሥ ዐሥራ ሦስት ሁለት ሎት ገብቷል። ታኅሣሥ ዐሥራ ሁለት ባዶ ነው።

«በዐሥራ ሁለት መጋዘኑ ምንም አልመዘገበም» አልኩ።

«በሚካኤል ማን ይሸከማል?» አሉኝ።

ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንን እያየ ጠበቀ። እሳቸው በጣታቸው ጠረጴዛውን እየነኩ አስረዱት። በሚካኤል ቀን ገበሬው አያርስም፣ አይወቃም፤ እጁ ነፃ ስለሚሆን ከዋዜማው የጫነውን ዘር ይዞ ከተማ ይገባል። የእኛ መጋዘን ተሸካሚዎች ግን ዐሥራ አንዱም አንድ ላይ የሚካኤል ማኅበር ይጠጣሉ፤ በየወሩ በዐሥራ ሁለት ቀን አንድ ከረጢት አያነሡም። ስለዚህ ዘሩ በረንዳው ላይ ያድራል፤ ሚዛን ወጥቶ መዝገብ የሚገባው በማግስቱ ነው። ናሙና የሚወስደው ባለሙያ ግን ከሌላ አገር የመጣ ፕሮቴስታንት ነው። «እሱ ሚካኤልን አያከብርም፤ በመጣበት ቀን ናሙናውን ይወስዳል፣ ቀኑን ይጽፋል። ጥፋትም የለበትም፤ ሥራውን ነው የሚሠራ።»

ነገሩ ግልጽ ሆነ። የሚካኤሉ ስንዴ በላብራቶሪው ዐሥራ ሁለት ነው፤ በመጋዘኑ ዐሥራ ሦስት ነው። የእኔ ፕሮግራም የዐሥራ ሦስቱን መልካም ውጤት ይዞ ሄዶ፣ በመጋዘኑ መዝገብ መጀመሪያ ላይ ባገኘው የዐሥራ ሦስት ሎት ላይ ለጠፈው። መጀመሪያ የተመዘነው ሌሊቱን በረንዳ ላይ ያደረው ነበር። መልካሙ ስንዴ «ያልተመረመረ» ተብሎ ጥግ ላይ ቀረ።

ሥራ አስኪያጁ ባያውቅ አይፈረድበትም። እኔ ሉማሜ ነው ያደግሁት። በሚካኤል ቀን ከረጢት የሚያነሣ ተሸካሚ እኔም አይቼ አላውቅም።

«እሳቸው ልክ ናቸው» አልኩ። «ስሕተቱ የእኔ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ሾፌሩ ጋ ደውሎ እንዲጠብቅ ነገረው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ይስተካከላል?»

«ይስተካከላል።» ቸኮልኩ። ጥያቄው ገና አፉ ላይ ሳለ ነው የመለስኩለት። «እሳቸው ደብተራቸውን ካሳዩኝ ይስተካከላል።»

ሴትዮዋ አዩኝ። ያንን አስተያየት ያኔ የመገረም መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ደብተራቸውን ይዘው ቢሄዱ ሲስተሙ በየወሩ በዐሥራ ሁለት ቀን ይሳሳታል፤ ድርጅቱ ተመልሶ ወደ ስልኩ ይገባል። ከረጢትና ናሙናን የሚያገናኘው ብቸኛ ነገር እጃቸው ላይ ነበር። እኔ እንኳ ያየሁትን እሳቸው ሳያዩት አልቀሩም።

«እንዲህ ያለ የሚካኤል ሎት ስንት አለ?» አሉኝ።

ቆጠርኩ። «ሰባት።»

«ሰባት» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ከገቡ ያኔ ገና መቀመጣቸው ነው። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሞጣ ና። ደብተሩን ብሰጥህም አታነበውም፤ ለራሴ የጻፍኩት ነው።»

በማግስቱ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ሄድኩ። አራት ቀን ቆየሁ። መጋዘኑ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ጣራው ሥር ርግቦች ይኖራሉ፤ ወደ ውስጥ ሲገባ የእህል ሽታ አፍንጫ ይይዛል። የእሳቸው ቢሮ በአንድ ጥግ በኮምፔንሳቶ የተከለለች ክፍል ናት። ደብተሩ ላይ ቁጥር የለም ማለት ይቻላል። «የአቦ ጤፍ፣ ከበሩ ኋላ።» «የገብርኤል ገብስ፣ ሁለተኛው ድርድር፣ አይጥ የጀመረው።» እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ተነሥተን ክምሩ ጋ ሄደን እናያለን። ከሰባቱ ሁለት ተቀያይረው አገኘን። ዘራቸው የወደቀባቸው ሁለቱ ማኅበራት ተነገራቸው፤ መልካሙ ስንዴ ከጥግ ወጥቶ ተጫነ።

በስልክ ያን ያህል ስናወራ የነበርን ሰዎች ፊት ለፊት ስንሆን ወሬ አጣን። እሳቸው ደብተሩን ያያሉ፣ እኔ ስክሪኑን። በሁለተኛው ቀን ከክምሩ ስንመለስ ግጥም ላንብብልዎ ብዬ አነበብኩ። ሰሙኝ። «ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ በፊት ጥሩ ነው ብለውኝ አያውቁም። እውነተኛው አስተያየታቸው እንዳልሆነ ገባኝ፤ ደግሜ አላነበብኩላቸውም።

በሦስተኛው ቀን የበዓላቱን ሁሉ ዝርዝር እያወጣሁ ነበር። ፕሮግራሙ በዓሉ እሑድ ዋዜማ ሲውል ምን ያድርግ፣ ተሸካሚዎቹ ሲቀየሩ ምን ያድርግ እያልኩ ስጨነቅ አዩኝና እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ለምን ትለፋለህ? ዘሩ በሩን ሳያልፍ ቁጥር ይሰጠው። ዘበኛው ይጻፈው። ያው ቁጥር ናሙናው ላይም ከረጢቱ ላይም ይታሰር። ከዚያ መቼ ተመዘነ፣ መቼ ተመረመረ፣ ምን ያገባሃል?»

ለወራት ያነበብኩት ሁሉ፣ የጻፍኩት አስተርጓሚ ሁሉ፣ የሚዞረው በዚህች ነገር ዙሪያ ነበር። ሦስቱ ፕሮግራሞች የሚስማሙበት አንድ ቁጥር፣ ነገሩ ሁለት ሳይሆን በፊት ከበሩ ላይ የሚሰጥ። «እንዲህ ማድረግ እንደሚቻል ድሮም ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

በአራተኛው ቀን ዘበኛው ካርድ ላይ ቁጥር መጻፍ ጀመረ። ቢቸና ተመልሼ ፕሮግራሙን አስተካከልኩ። አንድ ወር ሙሉ አየነው፤ አንድም ሎት አልተሳሳተም። ሥራ አስኪያጁ አንድ ወረቀት አመጣልኝ፤ ሲስተሙ ያለ ሰው እገዛ በትክክል እንደሚሠራ የሚያረጋግጥ ነው። ፈረምኩ። ኮንትራቴ ወደ ቋሚ ተለወጠ።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ፖስታ አለ። «ሞጣ ስትሄድ ይኼን ለመዝጋቢዋ ስጣቸው። የሞጣው መደብ ታጥፏል። የጥኖራ ከተማ ባለው አዲሱ ማከማቻ ላይ ተመድበዋል፤ ደረጃቸው አልተነካም።»

«የጥኖራ መሄድ አይችሉም» አልኩ። «እናታቸው አልጋ ላይ ናቸው። ከሞጣ ከወጡ የሚያገላብጣቸው የለም።»

ሥራ አስኪያጁ ፊቱን በሁለት እጁ አሸው። እንዳልኩት ክፉ ሰው አይደለም። «አላወቅሁም ነበር» አለ። «እኔ መዋቅሩን አልሠራሁትም፤ ከላይ ነው የመጣ። የሞጣው መጋዘን ያለ መዝጋቢ ይሠራል ስላልን ነው ያጠፉት። ስማ፣ አንተ ያለ እሳቸው አይሠራም ብለህ ሁለት መስመር ጻፍልኝ። ይዤ እሟገታለሁ። ምናልባት ይሰሙኛል።»

ባዶ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ። እስክሪብቶውን አነሣሁ።

ሁለት መስመር ነው። በየቀኑ ሁለት መስመር የምጽፍ ሰው ነኝ። «ሲስተሙ» ብዬ ጀመርኩ። የሚቀጥለው ቃል አልመጣልኝም። እውነት ስላልሆነ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ሲስተሙ ያለ እሳቸው ይሠራል፤ ውሸት ልፈርም? ይኼ ለማንም የሚነገር ምክንያት ነው። ያልተነገረው ግን ሌላ ነው። በሕይወቴ ጀምሬ የጨረስኩት አንድ ነገር ያ ነበር። ኮሌጁን አልጨረስኩም፣ ግጥሞቼ ያነክሳሉ፣ ክፍሌ የተከራየሁት ነው። ያ አንድ ነገር ጎደሎ ነው ብዬ በገዛ እጄ መጻፍ አልቻልኩም።

«ይሠራል» አልኩና እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

ሥራ አስኪያጁ ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ ፖስታውን ሰጠኝ።

ሞጣ ስደርስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር፤ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። መጋዘኑ ባዶ ነው፤ ዘሩ ሁሉ ወጥቷል፤ ድምፅ ሲያሰሙ ያስተጋባል። እሳቸው ቢሮዋ ውስጥ ቆመው መስኮቱን ይወለውላሉ። ፖስታውን ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቡት፤ አንብበው ሲጨርሱ ከመጀመሪያው ደገሙት።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ?»

«ከማክሰኞ።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው።» ደብዳቤውን አጠፉት። «ስልክ የለህም?»

«የሚደወልበት ሥራ አልነበረንም» አልኩ፤ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት።

«እሱስ እውነት ነው» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡኝ በወደድኩ። «ያለ እኔ ይሠራል ወይ?»

«ይሠራል፣ እትዬ።»

«በዐሥራ ሁለትም?»

«በዐሥራ ሁለትም።»

«ጎሽ። ደግ አድርገህ ሠርተኸዋል።» እስክሪብቶ አነሡና ደብዳቤው ጀርባ ላይ፣ ቆመው፣ በዚያ ለራሳቸው ብቻ በሚጽፉት የእጅ ጽሑፍ ሳይሆን በጥንቃቄ ጻፉ፤ ምደባውን እንዳልተቀበሉና ሥራቸውን በፈቃዳቸው እንደለቀቁ። ፈረሙ። «ይኼን ለአለቃህ ስጠው። መዋቅሩን አልረግምም በለው።»

«እንዲህ በአንዴ?»

«በስንት ጊዜ ይሁን?»

ከመሳቢያው የሻይ ብርጭቆ፣ የጉልበት ቅባት፣ አንድ ጥንድ የጎማ ጫማ አወጡ። ሁሉም ቦርሳቸው ውስጥ ገባ። ቁልፎቹን ከቀለበቱ አንድ በአንድ አውጥተው የትኛው የየት እንደሆነ እየነገሩ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩልኝ። «የትልቁ በር። የኋላው። ይኼ ይጠብቃል፣ ገፋ አድርገህ ነው የምታዞረው።» ሰማሁ፤ አንዱንም አልያዝኩትም።

«ሥራ አስኪያጁ እንድጽፍ ወረቀት ሰጥቶኝ ነበር» አልኩ። «ያለ እርስዎ አይሠራም ብዬ እንድጽፍ።»

ነጠላቸውን እየለበሱ ነበር። እጃቸው ትከሻቸው ላይ ቀረ። «አልጻፍክም» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

«አልጻፍኩም።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ በዚያ ቢቸና ቢሮ ውስጥ ካዩኝ በላይ። ነጠላቸውን አጣፉ፣ ቦርሳቸውን አነሡ፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ነፋስ አለ። ልዝጋው?»

«ይዝጉት» አልኩ።

ዘጉት።